በገደብ የተለቀቀው ሱሰኛ ዳግም ሲወድቅ

አንድ ሰው በሌላው ንብረት ላይ እጁን ቢያነሣ ሕግ የሚጠይቀው ጥያቄ አጭር ነው፤ አድርጓል ወይስ አላደረገም? ይኸው ሰው የአረቄ ወይም የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኛ ሆኖ ሲገኝ ግን ጥያቄው ይረዝማል። ወደ እስር ቤት ይሂድ ወይስ ወደ ሐኪም ቤት? ሁለቱን የሚያስታርቅ መካከለኛ መንገድ ስለ ተፈለገ፥ ዳኛው ቅጣቱን በገደብ አቆይቶ ሰውየውን ወደ ቤቱ ይልከዋል፤ «ከዛሬ ጀምሮ ዕፅ የሚባል ነገር እንዳትቀምስ» ሲልም ያስጠነቅቀዋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሽንቱ ምርመራ ዕፅ መውሰዱን ቢያሳይስ? ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሐተታ በዚህች አንዲት ቀን ላይ ያተኮረ ነው፤ የምርመራው ውጤት በተቆጣጣሪው ሹም ጠረጴዛ ላይ በሚያርፍባት ቀን።

አስቀድመን ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። እንግሊዞች «ፕሮቤሽን» የሚሉት በእኛ ችሎት «ቅጣትን በገደብ ማቆየት» የሚባለው ነው፤ ጥፋተኛው ወህኒ ሳይወርድ ለተወሰነ የፈተና ጊዜ በግዴታ ታስሮ በውጭ ይኖራል። «አመክሮ» ግን ሌላ ነው፤ እስረኛው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ ጠባዩ ከታረመ፥ የቀረውን ጊዜ በውጭ እንዲጨርስ የሚሰጠው ነጻነት ነው። ሁለቱም በ1949 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ ነበሩ፤ እርሱን በተካው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ውስጥም አሉ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ግን ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ነገሩን የምንመረምረውም በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ነው፤ ሥርዐቱ ከተወለደባቸው ስፍራዎች ዋነኛው ይህ አገር ከመሆኑም በላይ፥ በ2022 ዓ.ም. በገደብ ሥር የሚኖረው ሰው ቍጥር ወደ 3 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር።

አባቱ ጫማ ሰፊ ነበሩ

በ1841 ዓ.ም. የቦስተን ከተማ ጫማ ሰፊ የነበሩት ሚስተር ጆን ኦገስተስ በፖሊስ ፍርድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፥ ልብሱ ያለቀ፥ በስካር ልማድ የተከሰሰ አንድ ሰው ለፍርድ ቀረበ። የሚጠብቀው ዕጣ ማረሚያ ቤት መግባት ነበር። ሚስተር ኦገስተስ ግን አነጋገሩት፤ ቃሉንም አመኑ። ዳግመኛ እንዳይጠጣ ቃል አስገብተው በዋስነት ወሰዱት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለቱ ተመልሰው ሲቀርቡ የሰውየው መልክና አኳኋን እጅግ ተለውጦ ስለ ተገኘ፥ ዳኛው ተደንቀው መቀጮውን ከችሎቱ ወጪ ሌላ በአንድ ሳንቲም ብቻ ወሰኑት።

እኒህ ጫማ ሰፊ በ1859 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ወደ 2 ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች ዋስ ሆነዋል። የማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር በ1878 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ ደመወዝተኛ ሹም የሚሾምበትን ሕግ አወጣ፤ የማዕከላዊው መንግሥት ሕግ ደግሞ በ1925 ዓ.ም. ተከተለ።

ከዚህ ታሪክ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ገደብ የተጀመረው በሱሰኛ ነው፤ የጀመሩትም ሰው ዋስም፥ ተቆጣጣሪም፥ አስታማሚም ነበሩ። የተቀበሉትን ሰው ማደሪያና ሥራ ይፈልጉለት፥ ጠባዩንም ለችሎቱ ይናገሩ ነበር። ሥርዐቱ እየሰፋ ሲሄድ ግን በአንድ ሹም እጅ የመዝገብ ክምር በዛ፤ መቈጣጠሩ ሲጠነክር ማስታመሙ ላላ። ዛሬ ያለው ችግር ሁሉ ከዚህ መለያየት የሚመነጭ ይመስለናል።

ሽንት ምን ይመሰክራል?

የዛሬው ተቆጣጣሪ ዋና መሣሪያ የሽንት ምርመራ ነው። ምርመራው ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ውጤት የሚሰጥ ፈጣን ምርመራ ሲሆን፥ ዋጋው ርካሽ ስለ ሆነ በየቦታው ይሠራበታል። ነገር ግን አንዱን ነገር ከሌላው ጋር የሚያመሳስልበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒት አምፌታሚን የተባለውን ዕፅ ሊመስለው ይችላል። ሁለተኛው በላቦራቶሪ ውስጥ የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር ማንነት ለይቶ የሚያረጋግጠው ምርመራ ነው፤ እርሱ ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል። ስለዚህ ተመርማሪው ውጤቱን አልቀበልም ባለ ጊዜ ማረጋገጫው ሳይደረግ ነጻነቱን መውሰድ ተገቢ አይሆንም።

የኦፒየም ተክል ፍሬ የተነሰነሰበት ዳቦ የበላ ሰው ሽንቱ ሞርፊን ሊያሳይ እንደሚችል የታወቀ ነው። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት ለሠራተኞች ምርመራ የወሰነውን መለኪያ በ1998 ዓ.ም. በአንድ ሚሊ ሊትር ከ300 ናኖግራም ወደ 2,000 ናኖግራም ከፍ አደረገው። የጊዜውም ነገር እንዲሁ ነው። የኮኬይን ምልክት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ ካናቢስን ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ሲያጨስ የኖረ ሰው ግን ከተወ በኋላ እንኳ እስከ አንድ ወር ድረስ ሊታይበት ይችላል። እንግዲህ ትናንት የተወው ሰው ዛሬ እንደ ቀጠለ ሆኖ ሊከሰስ ነው። ሽንት መውሰዱን ይመሰክራል እንጂ፥ መቼ፥ ምን ያህልና ለምን እንደ ወሰደ አይናገርም። ይህን የሚያውቅ ሹም ውጤቱን የጥያቄ መጀመሪያ ያደርገዋል፤ የማያውቅ ግን የፍርድ መጨረሻ ያደርገዋል።

ሕጉና በሽታው

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1962 ዓ.ም. ሮቢንሰን ከካሊፎርኒያ ጋር በተከራከረበት ጉዳይ፥ ሰውን ሱሰኛ ሆነሃል ብሎ ብቻ መቅጣት ጭካኔ ያለበት ቅጣት ስለ ሆነ በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ ነው ሲል ፈረደ። በሽታው አይቀጣም ማለት ነው። በገደብ የተለቀቀ ሰው ግን ሱሰኛ በመሆኑ ሳይሆን የገባውን ግዴታ በመጣሱ ይቀጣል። ዕፅ ሲወስድ የሚጥሰው ግዴታ ደግሞ የበሽታው ምልክት ሆኖ ይገኛል።

የማዕከላዊው መንግሥት ሕግ በዚህ ረገድ ጠንካራ ነው። በገደብ ያለ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ ምርመራው ዕፅ ካሳየ፥ ፍርድ ቤቱ ገደቡን ሰርዞ በእስራት እንዲቀጣው ያዛል። ሆኖም ይኸው ሕግ አንድ በር ክፍት ትቷል፤ ዳኛው ሕክምና መገኘት አለመገኘቱን፥ ሰውየውም በሕክምና ላይ መሆኑን መርምሮ ከዚህ ግዴታ ሊያወጣው ይችላል።

ሐኪሞች የሚሉትን ደግሞ እንስማ። ለሱስ ከታከሙት ሰዎች መካከል ከ100 ከ40 እስከ 60 የሚሆኑት ዳግመኛ እንደሚወድቁ የአሜሪካ የዕፅ ሱስ ጥናት ተቋም ያስረዳል፤ ይህም የደም ግፊትና የአስም በሽተኞች ሕመማቸው ከሚያገረሽበት መጠን ጋር ተቀራራቢ ነው። የደም ግፊት በሽተኛ ጨው በልቶ ቢታመም ሐኪሙ መድኃኒቱን ይለውጥለታል። ልዩነቱ የሱሰኛው መውደቅ ሌላውን ሰው ሊጎዳ መቻሉ ነው፤ የተሰረቀው ባለ ሱቅ፥ የተደበደበችውም ሚስት በሕግ ፊት ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ዳኛው የሐኪምን ምክር ብቻ ይዞ ሊፈርድ አይችልም።

የማሳቹሴትስ ፍርድ

ይህ ክርክር በግልጽ የታየው ገደብ በተጀመረበት በማሳቹሴትስ ነው። በ2016 ዓ.ም. አንዲት ወጣት የሄሮይን ሱሷን ለማስታገሥ ጌጣ ጌጥ ሰርቃ፥ ዳኛው አንድ ዓመት በገደብ እንድትቆይ፥ ከዕፅ እንድትርቅ፥ እንድትመረመርና እንድትታከም አዘዙ። እርስዋም ሕክምና ጀመረች፤ ቡፕረኖርፊን የተባለውም መድኃኒት ታዘዘላት። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በሽንቷ ውስጥ ፈንታኒል ተገኘ። ተቆጣጣሪዋ ተኝታ እንድትታከም ጠየቋት፤ እንቢ አለች። ባዶ አልጋ ያለው ሕክምና ቤት በዚያ ቀን ስላልተገኘም ዳኛው ወደ እስር ቤት ላኳት፤ ጠበቃዋ የምትታከምበት ቦታ እስኪያገኙላት ድረስ 10 ቀን ታሰረች።

ጠበቃዋ ሲከራከሩ፥ ማገርሸት የበሽታው ጠባይ ስለ ሆነ ለበሽታ ምልክት ሰው አይታሰርም አሉ። ዐቃቤ ሕግ በበኩሉ፥ ብዙ ሰው ተጠያቂነት ሲኖርበት ዕፅን እንደሚተው ጠቅሶ፥ ፍርድ ቤት ይህን ሥልጣን ካጣ ሱሰኛውን ወደ ወህኒ ከመላክ በቀር ምርጫ እንደማይኖረው አስረዳ። የክፍለ ሀገሩ የበላይ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2018 ዓ.ም. ዳኛው ከዕፅ መራቅን የገደብ ግዴታ ሊያደርጉ ይችላሉ ሲል በአንድ ድምፅ ወሰነ። ሱስ የሰውን ፈቃድ ፈጽሞ ይወስዳል ወይስ አይወስድም የሚለውን ግን፥ በታችኛው ችሎት በባለሙያዎች ምስክርነት ስላልተጣራ አልወሰነውም። ዳኞችም እንዲህ ያለውን ሰው በርኅራኄና እንደ ሁኔታው እየመዘኑ እንዲይዙት አሳሰበ።

በእኛ አስተያየት የዚህ ጉዳይ ዋና ትምህርት በውሳኔው ላይ ሳይሆን በዐሥሩ ቀን ላይ ነው። ሴቲቱ በዚያች ሌሊት እስር ቤት ያደረችው አልጋ ስለ ጠፋ ነው። የሕክምና ቦታ በሌለበት አገር ዳኛው የፈለገውን ያህል ርኅሩኅ ቢሆን፥ በእጁ የቀረው ቁልፍ የእስር ቤት ቁልፍ ብቻ ይሆናል።

«በዕንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ»

ሌባው ሊሰቀል ሲል «እናቴ ሆይ፥ በዕንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አለ የሚባለውን ተረት የማያውቅ የለም። በሐዋይ ደሴቶች ዳኛ ስቲቨን አልም በ2004 ዓ.ም. የጀመሩት አሠራር ከዚህ ተረት ጋር አንድ ነው። ከዚያ በፊት በሆኖሉሉ ተቆጣጣሪዎች የመጀመሪያውን፥ ሁለተኛውን፥ አምስተኛውንም ጥፋት በምክር ያልፉት ነበር። ጥፋቱ ከተከማቸ በኋላ በአንድ ጊዜ ገደቡ ይሰረዝና ሰውየው ለብዙ ዓመት ወህኒ ይወርዳል። ዳኛ አልም ይህ ልጅን በማሳደግ ጊዜ የማይሠራ ነገር ሆኖ ሳለ፥ በአዋቂው ላይ ይሠራል ተብሎ ለምን ይታመናል አሉ።

በአዲሱ አሠራር ዳኛው ሰውየውን በችሎት ጠርተው አስቀድመው ያስጠነቅቁታል። በየማለዳው ስልክ ደውሎ፥ ለእርሱ የተሰጠው የቀለም ስም የተጠራ እንደ ሆነ በዚያው ቀን ለምርመራ ይቀርባል። ዕፅ ከተገኘበት ወዲያው ይያዛል፤ የሚታሰረውም ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው በማስጠንቀቂያና በአንድ ወይም በሁለት አጭር እስራት ይተዋል። ደጋግሞ የሚወድቀው ደግሞ ሕክምና የግድ የሚያስፈልገው ሰው መሆኑ በግብሩ ስለሚታወቅ፥ ጥቂቱ የሕክምና አልጋ ለእርሱ ይሰጣል።

በ2009 ዓ.ም. አንጄላ ሆከንና ማርክ ክላይማን የተባሉ ተመራማሪዎች 493 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ያጠኑትን ውጤት አወጡ። በአንድ ዓመት ውስጥ በአዲስ ወንጀል የተያዙት በቀድሞው አሠራር ከ100 47 ሲሆኑ በአዲሱ 21 ሆኑ። ዕፅ የተገኘባቸው ደግሞ 46 የነበሩት ወደ 13 ወረዱ። ዝናው በመላው አሜሪካ ተሰማ፤ ብዙ ፍርድ ቤቶችም ለመከተል ተሽቀዳደሙ።

ይሁን እንጂ በአርካንሶ፥ በማሳቹሴትስ፥ በኦሬገንና በቴክሳስ በአራት ወረዳዎች ከ1,500 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ተሞክሮ፥ በ2016 ዓ.ም. የታተመው ጥናት በሁለቱ አሠራሮች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ይህ ማለት ፈጣን ቅጣት ዋጋ የለውም ማለት ነውን? አይመስለንም። በአንዱ ስፍራ የቀድሞው አሠራር ብርቱ ከነበረ፥ አዲሱ የሚጨምረው ጥቂት ነው። በሌላውም ስፍራ ደንቡ ተገልብጦ ዳኛው፥ የዳኛው ትዕግሥትና ከሰውየው ጋር ያላቸው ንግግር ሳይገለበጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በ1989 ዓ.ም. በማያሚ ከተማ የተጀመረው የዕፅ ችሎት የተባለው ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። ዛሬ በአሜሪካ ከ3,000 በላይ የሆኑት እነዚህና መሰል ችሎቶች፥ ሰውየው ሕክምናውን እየተከታተለ በየጊዜው በዳኛው ፊት እንዲቀርብ ያደርጋሉ። ዳኛው ስሙን ጠርቶ፥ ሥራ አግኝቶ እንደ ሆነና ልጆቹ እንዴት እንደ ሆኑ ይጠይቀዋል። ሲወድቅ እንደሚገሥጸው ሁሉ፥ ሲቆም በሕዝብ ፊት ያመሰግነዋል።

መድኃኒቱን የፈራ ችሎት

የኦፒየም ዘር የሆኑትን ዕፆች ለለመደ ሰው ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የተባሉት መድኃኒቶች ምኞቱን አስታግሠው ከሞት እንደሚያድኑ ተረጋግጧል። ሆኖም አያሌ ዳኞችና ተቆጣጣሪዎች «አንዱን ዕፅ በሌላው መተካት ነው» በማለት መድኃኒቱን ይከለክሉ ነበር። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በሚያዝያ 2022 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ በሐኪም የታዘዘውን ይህን መድኃኒት መከልከል የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀውን ሕግ ሊጥስ እንደሚችል አስታወቀ።

ነገሩ የሕይወትና የሞት ነው። ሰው በእስር ቤት ዕፅ ሳይወስድ ሲቆይ ሰውነቱ የለመደውን የመቻል ኃይል ያጣል፤ ወጥቶ የቀድሞውን መጠን ሲወስድ ትንፋሹ ይቆማል። በዋሺንግተን ክፍለ ሀገር ከ30 ሺህ በላይ ከእስር የተፈቱ ሰዎችን ተከታትሎ በ2007 ዓ.ም. የታተመው ጥናት፥ በተፈቱ በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ዕፅ ከመጠን በላይ በመውሰድ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ 129 ጊዜ የሚበልጥ መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ «ጥቂት ቀን ታስሮ ይመለስ» የሚለው ዳኛ፥ ሰውየው በሚወጣበት ቀን መድኃኒቱን ማን እንደሚሰጠው አብሮ ሊያዝ ይገባዋል።

በባዕድ አገር ላሉ ወገኖች

በአሜሪካ ለሚኖሩት ወገኖቻችን ሁለት ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። አንደኛ፥ በአገራችን በአደባባይ የሚሸጠው ጫት በዚያ ክልክል ነው፤ በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን በሕጉ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ተመዝግቧል። ሁለተኛ፥ የዜግነት መብት ያላገኘ ሰው የዕፅ ጥፋቱን በችሎት አምኖ፥ ሕክምናውን ሲፈጽም መዝገቡ ቢዘጋለት እንኳ፥ የስደተኞች ሕግ ያመነውን እንደ ጥፋተኝነት ሊቈጥረው ይችላል፤ ይህም ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። ስለዚህ በዕፅ ችሎት ግቡ የተባሉ ሁሉ ከመፈረማቸው በፊት የስደተኞችን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይጠይቁ።

ለሹማምንትና ለቤተ ሰብ

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ለሹሙ ውጤቱ የደረሰ ዕለት አራት ጥያቄ ይበቃዋል። ውጤቱ ተረጋግጧልን? ሰውየው የታዘዘለትን ሕክምና በእርግጥ አግኝቷልን? ከመውደቁ በቀር ሌላ ሰው ጎድቷልን? የምንሰጠው መልስ ዛሬውኑ የሚፈጸም፥ ከጥፋቱም ጋር የሚመጣጠን ነውን? ለእነዚህ መልስ ሳያገኝ ገደብን የሚሰርዝ ሹም ራሱን ከድካም ያሳርፍ ይሆናል እንጂ ሕዝቡን ከወንጀል አይጠብቅም። በሌላ በኩል ጥፋቱን አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ሹም ርኅሩኅ ሊባል አይገባውም፤ ጉድጓዱን እያየ ዝም ያለ መንገድ መሪ ነውና።

ለቤተ ሰብም ድርሻ አለው። እናት ልጅዋን ለመሸሸግ ስትል ቀጠሮውን እንዲያስተጓጉል አትርዳው፤ ያልቀረበ ሰው ዕፅ ከተገኘበት ሰው ይልቅ የሚከፋበት ጊዜ ብዙ ነው። በብዙ ችሎቶች ከምርመራው በፊት እውነቱን የተናገረ ሰው ከካደው ይልቅ ቀለል ያለ ቅጣት ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ እውነቱን እንዲናገር ትምከረው። ናሎክሶን የተባለውና የኦፒየም ዘር ዕፅ ያቆመውን ትንፋሽ የሚመልሰው በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት በአሜሪካ ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ስለሚሸጥ፥ በቤት ውስጥ ይኑር። ሰውየው ከእስር በተፈታበት ሳምንትም ብቻውን እንዲያድር አይተውት።

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ሱሰኛም የሚድነው በአንድ ቀን ትእዛዝ ሳይሆን፥ በተከታታይ ቀናት በሚያየው ጽኑ እጅ ነው። ያ እጅ የዳኛም፥ የሐኪምም፥ የወላጅም ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ እጆች ተያይዘው በተገኙበት ስፍራ ግን የወደቀው ሰው የሚነሣበት ተስፋ ከሁሉ ይበልጣል።